በአገጭ የተጠቆመ መሬት

ብዙውን ሰው ጣጣ ውስጥ የሚከተው ምላሱ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ እጁ። እኔን ሽማግሌ ፊት ያስቀመጠኝ አገጬ ነው። ስትስቁ ይታየኛል። ሳቁ፤ ግን እናንተም ብትሆኑ አገጫችሁን ጠብቁ። ወረታ ላይ መንገድ ጠይቃችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጣቱን ዘርግቶ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። በተለይ ትልቅ ሰው ካለ ጣት መቀሰር ነውር ነው። ስለዚህ አገጭ ከፍ ይላል፣ ከንፈር ሾል ይላል፣ «ያውና!» ይባላል፤ «ያውና» የተባለው የት እንደሆነ ጠያቂው እንደምንም ፈልጎ ይደርስበታል። ይኸ አሠራር የሩዝ መፈልፈያ ቤት ለመጠቆም ይበቃል፤ ፋርማሲም ያስገኛል። ለቤት መሥሪያ ቦታ ግን እንደማይበቃ በገዛ ራሴ አይቼዋለሁ።

እኔ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር የሰፈሩ ሰው በሬ ሲሻሻጥ፣ የሩዝ ማሳ ሲከራይ፣ ውሉን የሚያስጽፈው እኔ ዘንድ መጥቶ ነው። «አንተ እኮ ከጠበቃ ምንም አትለይም» ሲሉኝ ትሑት ለመምሰል ዝም እላለሁ። በልቤ ግን የምለየው በካፖርቱ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ባለቤቴ ታንጉት ከእኔ ጋር ሰባት ኪራይ ቤት ቀያይራለች። ሰባቱም ቤቶች አንድ ጠባይ ነበራቸው፦ ክረምት ሲገባ ውኃም ይገባል። እሷ በጣሳ ትጨልፋለች፣ እኔ መጻሕፍቴን አልጋ ላይ አወጣለሁ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ከሽሮ ዕቃዋ ውስጥ እንቁራሪት አገኘች። አልጮኸችም፤ እንቁራሪቷን በአንድ እግሯ አንጠልጥላ መዝገብ ቤት ድረስ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻት። «ማኅተም አድርግባት» ብላኝ ሄደች። ዘንድሮ ደግሞ አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ሰኔ ከማለቁ በፊት ልቀቁ አሉን። ታንጉት ነገሩን በአጭሩ ዘጋችው፤ «ስምንተኛ ኪራይ ቤት አልገባም። ክረምቱ ሳይገባ ከራሴ ጣራ ሥር አስገባኝ፤ ያለዚያ እኔ ወንድሜ ዘንድ እገባለሁ፣ አንተ ከእንቁራሪቷ ጋር ተስማምተህ ኑር።»

ቦታማ ነበረን። በማኅበር ተደራጅተን በዕጣ ደርሶናል። የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን ሳልነግረው ይገባዋል። በበጋ መሬቱ ሁሉ ወንድማማች ነው፤ የቱ ጉብታ የቱ ጎድጓዳ እንደሆነ የሚለየው ሐምሌ ሲመጣ ነው። የእኔን ዕጣ ለመለየት ግን ሐምሌን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር፤ ሳህን ነው። ከጎኔ ያለው የሐጂ ሰይድ ቦታ ነው። ሐጂ በከተማችን የታወቁ የበርበሬና የቅመማ ቅመም ነጋዴ ናቸው። አምና በመኪና ላይ መኪና ገረጋንቲ አስደፍተው፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትልቅ ዋንዛ ሳይነኩ፣ ቦታቸውን ከእኔ በወገብ ልክ ከፍ አድርገውታል። በሁለታችን መካከል አጥር የለም። ምን ያደርጋል? የእኔ ቦታ ከእሳቸው ጋር ሲተያይ አጥር አያስፈልገውም፤ ወድቆ የተኛ ይመስላል።

ሁለት ግንበኞች አምጥቼ አሳየሁ። የመጀመሪያው በትሩን መሬቱ ላይ ተከለና ሲነቅለው ጫፉ እርጥብ ሆኖ ወጣ፤ ያውም በመጋቢት! «ይኸ ቤት ከመሠራቱ በፊት መጀመሪያ መሬት ይሠራለት» አለና ዋጋውን ነገረኝ። ሁለተኛው በትርም አላስፈለገው፤ ከመንገድ ላይ አይቶ ዋጋውን ነገረኝ። የሁለቱንም ዋጋ ስሰማ ሌላ ቋንቋ የሚያወሩ መሰለኝ፤ አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ሦስተኛው አዳነ ነው። አዳነ የሐሙሲት ሰው ነው፤ እርሳስ ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ፣ ሥራው የተመሰገነ ግንበኛ። በሚያዝያ፣ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበርና ሁለታችንም ሳንመካከር ዋንዛዋ ሥር ሄደን ቆምን። ዋንዛዋ የማን ናት? የሐጂ። መሬቱስ? የሐጂ። አዳነ «የትኛው ነው ታዲያ ጋሼ?» አለኝ። እኔም አገጬን ከፍ፣ ከንፈሬን ሾል አድርጌ «ያውና» አልኩት።

እምላለሁ፣ እዚህ ላይ ተንኮል አልነበረኝም። አገጬ በትክክል ወደ ራሴ ቦታ ዞሮ ነበር። ግን በአገጭና በዚያ ቦታ መካከል የሐጂ መሬት ግማሹ ተንጣሎ ነበርና የአዳነ ዐይን እዚያው ቀረ። ወዲያና ወዲህ ተራመደ። በተረከዙ መሬቱን ደቃ ደቃ አደረገ። ፊቱ በራ።

«አየ መሬት! የተባረከ ነው እኮ ጋሼ! አንድ አካፋ ሙሌት አይፈልግም። እንዲህ ያለ መሬት ፎገራ ላይ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አዳነ ዋጋውን ጠራ። አፌን ዘጋሁ።

በሰባት ኪራይ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ያን ዋጋ ቢሰማ ምን እንደሚሆን አታውቁም፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቆርቆሮ መቁጠር ጀመርኩ። ይኸ ብቻ ቢሆን ደግ። አዳነ ወደ ታች፣ ወደ እኔ ሳህን ተመለከተና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«የዚያ ባለቤት ግን አሳዘነኝ» አለ። «ምን ሊውጠው ነው በክረምት?»

«እግዜር ይርዳው» አልኩ።

አዎ፣ ብያለሁ። ድምፄም ከልብ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር።

ማታውኑ ውሉን ጻፍኩ። ዐሥራ ሁለት አንቀጽ ያለው፣ ከዚያ በፊት ጽፌ የማላውቀው ውብ ውል ነበር። ደግሞ አልዋሸሁም! አንቀጽ ሁለት ላይ ቦታውን በአራቱም ማዕዘን አዋስኜዋለሁ፦ በምሥራቅ የሐጂ ሰይድ ይዞታ፣ በምዕራብ ቦይ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የግጦሽ መሬት። የእኔ ሳህን ነው፤ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አዳነ ማንበብ ይችላል፤ ግን መነጽሩን ሐሙሲት ረስቶት መጥቷልና «እርስዎ ያንብቡልኝ ጋሼ፣ እርስዎን አምናለሁ» አለኝ። አነበብኩለት። አንቀጽ ሁለትን ዲያቆን በጾም ቀን ረጅም ምንባብ እንደሚያነብ አነበብኩት፤ ትንፋሽም አልወሰድኩ። ስለ ሠራተኞች ምሳ የሚናገረውን አንቀጽ ዘጠኝን ግን ቀስ ብዬ፣ እያጣጣምኩ። አዳነ በምሳው በጣም ተደሰተ። ፈረመ፣ ፈረምኩ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ በምስክርነት ፈረሙ፣ እጅ ለእጅ ተማታን።

መዝገብ ቤት ረጅም ጊዜ የሠራ ሰው አንድ በሽታ አለበት። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ሁሉ የተነገረ ይመስለዋል። እኔም ሌሊት ሌሊት ኅሊናዬ ሲቆረቁረኝ «አንቀጽ ሁለት» እያልኩ አስተኛው ነበር። ደግሞም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወጉ፣ በጨዋታ መካከል፣ ነገሩን ጣል ላደርግለት አስቤያለሁ። እስከዚያው ድንጋዩንም ቆርቆሮውንም አስመጥቼ መንገዱ ዳር አስወረድኩ።

አዳነ ሰኞ ሊጀምር ተስማምተን ነበር። ሰኞ የተማሪዎች ውጤት ማስገቢያ ሆነ፤ ማክሰኞም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ውጤቱን ሌላ ሰው ሊያስገባው ይችል ነበር። እኔ ግን ወደ ቦታው መሄድ ፈራሁ፤ ስለዚህ በሕይወቴ እንደዚያ በትጋት ሠርቼ አላውቅም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ ከይፋግ ገበያ እየተመለሱ።

«ጎረቤት፣ ቤት ጀመርክ አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን ሐጂ!»

«አብሮ ነው እንጂ፤ በኔ መሬት ላይ እኮ ነው።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ስደርስ ሐጂ ቦታቸው መካከል ቆመዋል። ዙሪያቸውን የተቆፈረ መሠረት ከቧቸዋል፤ ገመዱ የተወጠረ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ዐይን የሚያጠግብ ቁፋሮ። አዳነ አካፋውን ተደግፎ አንዴ እኔን አንዴ ሐጂን ያያል።

«ጋሼ፣ ሐጂ እኮ መሬቱ የኔ ነው ይላሉ። ይንገሯቸው እንጂ!»

አገጬን ከፍ አደረግሁ። «የኔ… ያውና» አልኩት።

አዳነ አገጬን ተከትሎ አየ። ዐይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ከዚያ ከሐጂ ጉብታ ወደ ሳህኑ ዘለለ። ዋዜማውን የግንቦት ዝናብ ጥሎ ስለነበር እግሩ ገባ። እግሩን ሲያወጣ ጫማው እዚያው ቀረ። በአንድ እግሩ ቆሞ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ይኸንን ነው እንዴ ጋሼ? ይኸንን?»

ሐጂ ባይኖሩ ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር። ሰው ፊት ሲሆን ግን የማይገባ ድፍረት ይመጣብኛል። ዐይኔን በጨው አጥቤ ከኪሴ ውሉን አወጣሁ። «አንቀጽ ሁለት» አልኩ።

«እኔ የረገጥኩት ወረቀት አይደለም፤ መሬት ነው» አለ አዳነ። ድምፁን አላነሣም። ጫማውን ከጭቃው መንጭቆ አወጣ፤ ገመዱን ጠቀለለ፤ ውኃ ልኩን በጋዜጣ ሸፈነ፤ ሠራተኞቹን አስከትሎ ወደ ሐሙሲት ሄደ። ቁፋሮው ብቻ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት አይነሡብኝ። ጉና ተራራ ላይ ደመናው በየቀኑ ይወፍራል። ሌላ ግንበኛ ብፈልግ ሁሉም ክረምት ሳይገባ ሊጨርሱት የያዙት ሥራ አላቸው። አከራያችን የሠርጉን ድንኳን ለመትከል ግቢውን በእርምጃ መለካት ጀመሩ፤ ልኬታቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው እኛ በር ላይ ነው። ታንጉት ስትጠይቀኝ «ግንበኛው ውል አፈረሰ» አልኳት። ይህም ሐሰት አልነበረም። በዚያ ሰሞን እውነትን በቁራጭ በቁራጭ እየቆረጡ ማደል ለምዶብኝ ነበር።

ታንጉት ግን ቁራጭ የምትቀበል ሴት አይደለችም። ራሷ ሄዳ የኔታ ይትባረክን ለመነች። የኔታ መሪጌታ ናቸው፤ ጣራ ገዳም የተማሩ፣ የሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። ሐጂም ነገሩ የቦታቸው ጉዳይ ስለሆነ ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኑ። አዳነ ተጠራ፤ መጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም ያቺው ዋንዛ ሥር፣ በቁፋሮው ዳር ድንጋይ ድንጋይ ይዘን ተቀመጥን።

እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ተነሥቼ ውሉን ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት አነበብኩ፤ «ስለሆነም» የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ ያህል ተጠቀምኩ። አዳነ ዛሬ መነጽሩን ይዟል። ወረቀቱን ተቀብሎ አንቀጽ ሁለትን ራሱ አነበበ፤ አዋሳኞቹን አንድ በአንድ እያየ።

«እውነት ነው የኔታ» አለ። «ወረቀቱ ልክ ነው። ሳላነብ የፈረምኩ እኔ ነኝ። ግን ይኸንን ጉድጓድ ኸኔ ኪስ ድንጋይ ገዝቼ ልሙላ ብል ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?»

ደረቴ ተነፋ። አያችሁ፣ አመነ! ወደ ታንጉት ዞር ብዬ ፈገግ አልኩ። የኔታ ግን አልቸኮሉም። ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «እንዲያው ልጄ፣ ያን ቀን እዚህ ስትቆሙ ምን ተባባላችሁ? ሳታስቀር ንገረኝ» አሉት።

አዳነ የዋህ ነው። ሁሉንም ተረከ። ተረከዙን እንዴት እንደደቃ ተነሥቶ አሳየ። «የተባረከ መሬት» እንዳለ ተናገረ። ከዚያም፣ «እንዲያውም የዚያ የታችኛው ባለቤት አሳዘነኝ ብዬ ነበር። ጋሼም አብረውኝ አዘኑ፤ እግዜር ይርዳው ብለዋል» አለ።

የኔታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እግዜር ይርዳው ያልከው ለማን ነው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ታንጉት ጉሮሮዬን ስጠርግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«ለ… ለባለ ቦታው፣ የኔታ።»

«ባለ ቦታው ማነው?»

ሌላ መልስ ፈለግሁ፤ ዐሥራ ሁለቱንም አንቀጽ በልቤ ዞርኳቸው። አንዳቸውም አላስጠጋኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐጂ ሰይድ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ከቆቡ ሥር ሳቃቸው ያፏጭ ነበር። የአዳነ ትከሻ ግን አልሳቀም። እሱ እኔን ማየት ትቶ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር፤ ያ ነው የጎዳኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እርስዎን አምናለሁ» ብሎኝ እኮ ነው የፈረመው። ታንጉትም አልሳቀችም። «ዐውቆ ነው» ብቻ አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለቁፋሮው። አፈርኩ። በየወጉ ራሴን ሳሳጣ እያጋነንኩ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አላጋነንኩም። ከልቤ አፈርኩ።

የኔታ ጉዳዩን እንዲህ ቋጩት። «ሁለት ሰው ተስማማ የሚባል፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሲያዩ ነው። እሱ ጉብታውን አይቶ ፈረመ፣ አንተ ረግረጉን አይተህ ፈረምክ። አንተ ሳታውቅ ቀርተህ ቢሆን ስህተቱ የሱ ነው፣ ይሸከመው እንል ነበር። አንተ ግን እየተሳሳተ መሆኑን እያየህ ዝም አልክ። በሰው ስህተት ላይ ቤት አይሠራም። ያ ወረቀት ያጌጠ ጽሕፈት ነው እንጂ ስምምነት አይደለም።»

የእጅ ጽሕፈቴን ያመሰገኑት መስሎኝ ላመሰግናቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እሺ የኔታ፣ ተሳስቻለሁ። ክረምቱንስ የት ልግባ?» አልኩ። ይኸን ስል ታንጉትን ማየት አልደፈርኩም።

መልሱን የሰጡኝ ሐጂ ናቸው። ተነሥተው ቁፋሮውን በእርጋታ ዞሩት። «የበርበሬ መጋዘን ልሠራ ማሰቤን ይኸ ልጅ በምን ዐወቀ?» አሉ። «መሠረቱ ቀጥ ያለ ነው። አዳነ፣ ዋጋህን ለኔ ንገረኝ፤ ለዚሁ መሬት፣ ለዚሁ ሥራ። የጎረቤቴ ድንጋይና ቆርቆሮ ለጊዜው ለኔ ይዋል፤ የሱ ቤት ሲጀመር እተካለታለሁ። ክረምቱን እሱና ታንጉት በአንዱ ጥግ ይቀመጡ፤ በርበሬው ሰው አይጠላም።»

አዳነ ዋጋውን ተናገረ። ያው ለእኔ የነገረኝ ዋጋ ነበር፤ ሳንቲም አልጨመረም። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፣ ተማቱ። ቆሜ አየሁ። ስምምነት ማለት እንደዚህ አጭር ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

«የኔስ ቤት?» አልኩ አዳነን፣ ሲሄዱ ጠብቄ። «ይቅርታህን አድርገህ…»

እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ መልሶ ሰካው። «በነሐሴ እመጣለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ውኃው የሚደርስበትን በዐይኔ ሳላይ ዋጋ አልናገርም። ያኔ እንነጋገራለን።»

እንግዲህ ይህን የምጽፍላችሁ ከስምንተኛው ኪራይ ቤት፣ ከሐጂ ሰይድ መጋዘን ነው። ቤቱ ግሩም ነው፤ ውኃ አይገባውም። አዳነ የሠራው ነዋ። የበርበሬው ጆንያ እስከ ጣራው ተደርድሯል፤ ከሁለታችን አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ሳይል እሱም ያስነጥሳል፤ ቀኑ እንዲህ ይመሻል። ታንጉት ወንድሟ ዘንድ አልሄደችም። ለአንድ ወር ያህል ግን «ቅረብ» እና «ብላ» ከሚሉት ቃላት በቀር ምንም አልነገረችኝም። በመስኮቱ በኩል ቦታችን ይታያል። ሐይቅ ሆኗል፤ ዳክዬዎች ሰፍረውበታል፣ ኪራይም አልተጠየቁም።

ትናንት ጧት ከውጭ ጥሪ ሰማን። ወጣን። አዳነ ሱሪውን እስከ ጭኑ ጠቅልሎ፣ ረጅም ችካል ይዞ በውኃው መካከል ቆሟል። ዳክዬዎቹ ጥግ ይዘው ያዩታል። ችካሉን ተከለና ውኃው የደረሰበት ላይ በእርሳሱ ምልክት አደረገ።

«ጋሼ!» አለ። «ይኸ ነው አይደል?»

ደስታዬን ልቆጣጠረው አልቻልኩም። ከመጋዘኑ ደረጃ ላይ ሆኜ አገጬን ከፍ፣ ከንፈሬን ሾል አደረግሁ።

«ኧረ በሞቴ!» አለች ታንጉት ከኋላዬ። «በአገጭህ ያሳየኸው ይበቃናል። ውረድ።»

ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭቃው በእግር ጣቶቼ መካከል ይገባል። አዳነ ዘንድ ደርሼ እጄን ለስምምነት ብዘረጋ አልተቀበለኝም። በዐይኑ ችካሉን አሳየኝ። ግራ እጄን ችካሉ ላይ አሳረፍኩ።

«አሁን ይንገሩኝ» አለ። «ምን ዓይነት መሬት ነው?»

«ጮክ በል!» አለች ታንጉት ከላይ።

ጮክ አልኩ። መንገደኛው እስኪቆም፣ ዳክዬዎቹ እስኪነሡ ድረስ ጮክ አልኩ። «መሬቴ ይኸ ነው! ረግረግ ነው! በየክረምቱ ውኃ ይተኛበታል! ብዙ ሙሌት ይፈልጋል!»

አዳነ ዋጋውን ነገረኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግንበኞች ከነገሩኝ ብዙም አይለይም። በሚመጣው በጋ የምንችለው መሠረቱንና ሙሌቱን ብቻ ነው፤ ጣራው ከዚያ ለሚቀጥለው በጋ ነው። ቀና ብዬ ታንጉትን አየኋት። ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ነው።

አዳነ እጄን መታ። ጩኸቴን ሰምተው የመጡት ሐጂ ከደረጃው ላይ ሆነው መመረቅ ሲጀምሩ፣ የአዳነ ትከሻ ከሽምግልናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። «የዚህ ባለቤት» አለ ዙሪያችንን ያለውን ውኃ እያየ፣ «አሳዘነኝ።»

«እግዜር ይርዳው» አልኩ።

«አሜን» አለች ታንጉት፤ ጫማዬን ይዛ ቆማ ነበር።